ከአራት ኪሎ ማተሚያ ቤት እስከ ስክሪን ሪደር፦ ለጆሮ ያልተጻፈው አማርኛ

በ2002 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ ቁጥር 676/2002ን አወጣ። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል የሆነው በዚህ አዋጅ ነው። ስምምነቱ አንቀጽ 9 ላይ ሲደርስ ከመንገድና ከሕንፃ አልፎ ስለ መረጃ ያወራል፤ አካል ጉዳተኞች አዳዲስ የኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂዎችን፣ ኢንተርኔትንም ጭምር፣ መጠቀም እንዲችሉ መንግሥታት የበኩላቸውን እንዲያደርጉ ግዴታ ይጥላል። አዋጁ እንደ ደንቡ በነጋሪት ጋዜጣ ወጣ። ነጋሪት ጋዜጣ የሚታተመው አራት ኪሎ፣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ነው።

በኢንተርኔት ላይ የሚዘዋወሩት የእነዚያ ዓመታት ነጋሪት ጋዜጦች በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በስካነር የተነሳ የወረቀት ፎቶግራፍ ነው። ሁለተኛው ከኮምፒውተር በቀጥታ የወጣ ጽሑፍ ነው፤ ነገር ግን የተተየበው በቆየ የግዕዝ ፎንት ነው። ለሚያይ ሰው ሁለቱም አማርኛ ናቸው። ዓይነ ስውር የሆነ የሕግ ተማሪ በኮምፒውተሩ ሲከፍታቸው ግን የመጀመሪያው ባዶ ገጽ ነው፤ የሚነበብ አንድ ቃል እንኳ የለበትም። ሁለተኛው ይነበባል፤ የሚወጣው ድምፅ ግን አማርኛ አይደለም። “ኢትዮጵያ” ተብሎ የተተየበው ቃል በአንዱ ታዋቂ ፎንት ውስጥ ለኮምፒውተሩ እንዲህ ነው፦ ትንሿ ኤክስ፣ የአይስላንድ ፊደል የሆነችው ቶርን፣ ትልቋ ቲ፣ የማባዛት ምልክት፣ ጭረት የተጫነባት ዩ፣ ሞገድ የተጫነባት ኤ። ስክሪን ሪደሩ ያገኘውን ነው የሚያነብ። የአገሪቱ ስም እንዲህ ከሆነ አንቀጽ 9 እንዴት እንደሚነበብ መገመት አያዳግትም።

ነገሩን በአንድ መሥሪያ ቤት ቸልተኝነት ማሳበብ ይቀላል። ታሪኩ ግን ከአንድ መሥሪያ ቤት ይረዝማል፤ አብዛኛውም የተፈጸመው ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው አጭር መንገድ ላይና በዚያው ልክ በተሠሩ ማሽኖች ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ስክሪን ሪደር ምን እንደሆነ መግባባት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ስክሪኑን በካሜራ የሚያይ ነገር አድርጎ ያስበዋልና። አያይም። ስክሪን ሪደር ከኮምፒውተሩ ወይም ከስልኩ ጽሑፉን በኮድ መልክ ይቀበልና ወደ ድምፅ፣ ወይም ነጥቦቹ ከፍ ዝቅ ወደሚሉ የብሬል ሰሌዳ፣ የሚቀይር ፕሮግራም ነው። ገጹ ላይ “ለ” የምትመስል ቅርጽ መኖሯ አይበቃውም፤ ከቅርጿ ሥር “ይህች ለ ናት” የሚል ቁጥር መኖር አለበት። ድረ ገጽ ሲሆን ደግሞ በመካከል ብሮውዘሩ አለ። ርዕሱ የቱ እንደሆነ፣ ሊንኩ የቱ እንደሆነ፣ የሚጫነው ቁልፍ የቱ እንደሆነ ብሮውዘሩ ለስክሪን ሪደሩ ካልነገረው ተጠቃሚው የሚሰማው “ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ” ብቻ ነው። የምን ቁልፍ? መልስ የለም።

በኢትዮጵያ ጆሮ ለንባብ ባዳ ሆኖ አያውቅም። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ቅኔውን የሚቆጥረው በቃሉ ነው፤ ዜማውንም የሚቀጽለው ከመምህሩ አፍ ነው። ዓይናቸው የማያይ መሪጌቶችና የቅኔ መምህራን በቤተ ክህነት ብርቅ አልነበሩም፤ ትምህርቱ ራሱ በቃል የሚሄድ ስለሆነ ዓይን ማጣት ከጉባኤ አያስወጣም ነበር። በር የተዘጋው ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣና ዕውቀት ማለት የታተመ ወረቀት ሲሆን ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም በራስ ተፈሪ ተቋቁሞ፣ በ1917 ዓ.ም በስሙ የሚጠራውን ጋዜጣ ማውጣት ሲጀምር ለአገሪቱ ትልቅ እርምጃ ነበር። ዓይነ ስውሩ ግን ብርሃኑ አልደረሰውም። በጉባኤ ቤት እኩል የነበረ ሰው በጋዜጣ ፊት አድማጭ፣ ያውም የሌላ ሰው ፈቃድ የሚጠብቅ አድማጭ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጣው መልስ ብሬል ነው። ሰበታ የተቋቋመው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤትና በ1952 ዓ.ም የተመሠረተው የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር የዚህ ዘመን ልጆች ናቸው። ብሬል ለአማርኛ ሲመጣ ገና ከጅምሩ አንድ የሒሳብ ችግር ገጠመው፤ ይህ ችግር ኋላ በጽሕፈት መኪናውም በኮምፒውተሩም ስለተደገመ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የብሬል አንድ ቤት 6 ነጥብ አለው፤ ከ6 ነጥብ የሚወጡት ቅርጾች ባዶው ሳይቆጠር 63 ናቸው። ፊደላችን ደግሞ 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ እነ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ሏ ሳይቆጠሩ። ስለዚህ እያንዳንዷ ፊደል የራሷ የብሬል ቅርጽ ሊኖራት አልቻለም። የተገኘው መፍትሔ ተነባቢውን ለብቻ፣ አናባቢውን ለብቻ መጻፍ ነበር። “ቡ” በዓይን አንዲት ፊደል ናት፤ በጣት ግን ሁለት ናት። ብልህ መፍትሔ ነው። እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት፣ ብሬልን ለአማርኛ ያስማሙት ሰዎች ፊደሉን አንብበው፣ ምን እንደሆነ አውቀው ነው የከፈሉት። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ማሽኖች ግን የከፈሉት ቅርጹን ነው።

ወረቀትና ስታይለስ ግን ሁሉን መጽሐፍ አያደርስም። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ከተሰጠ በኋላ ስድስት ኪሎ የገቡት ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ያጠኑት በሰው ድምፅ ነው። ፈቃደኛ ተማሪ ከኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን ይዞ ይቀመጣል፤ ያነብባል፤ ዓይነ ስውሩ በስሌትና ስታይለስ ይወጋል፣ ወይም በካሴት ይቀዳል። ፈተናም ሲመጣ ጥያቄውን የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። ከአንባቢው ጋር የተጣላ ተማሪ ከትምህርቱ ጋር እንደተጣላ ያህል ነው። አንባቢው ሲታመም፣ አንባቢው ፈተና ሲደርስበት፣ አንባቢው የሚወድደው ሲኖረው የጥናቱ ፕሮግራም አብሮ ይናጋል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሕግ ካጠኑት አንዷ የትነበርሽ ንጉሤ ናት። ወሎ ሳይንት ተወልዳ፣ በ5 ዓመቷ ዓይኗን አጥታ፣ ሻሸመኔ ባለው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ፣ ቀጥላም አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሚያዩ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተቀምጣለች። እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታለች። ስሟ ሲነሳ የግል ጥንካሬዋ ይወራል፤ ተገቢ ነው። ነገር ግን ተማሪው እንዲያነብ ጀግና መሆን የሚጠበቅበት ሥርዓት በጎ ሥርዓት አይደለም።

አሁን ወደ ማሽኑ። ኢንጂነር አያና ብሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሱ የገጠማቸው ያው የቁጥር ችግር ነው፦ ፊደሉ ከ230 በላይ፣ ቁልፉ ግን ከ50 የማይዘል። በጽሕፈት መኪና መልሱ ፊደሉን ቆራርጦ መገጣጠም ሆነ። አንዱ ቁልፍ ግንዱን ይመታል፤ ሌላው ቁልፍ እግሩን ወይም ክንፉን ይቀጥላል። ለወረቀት ይህ ምንም አይደለም። ወረቀት ላይ የታየው ነገር “ሉ” ከመሰለ “ሉ” ነው። የመሥሪያ ቤቱ ታይፒስትም፣ ከፍርድ ቤት ደጃፍ የተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊም በዚህ መንገድ አገሩን ጽፈውታል።

ኮምፒውተር ሲመጣ ግን ይኸው ልማድ ተከትሎ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ በአሜሪካ የነበሩት ዶክተር አበራ ሞላን ጨምሮ በውጭም በአገር ቤትም ብዙ ሰዎች ግዕዝን በኮምፒውተር ለማስጻፍ ደከሙ፤ ድካማቸው ከባድ ነበር፤ ያለ እነርሱም የአማርኛ ኅትመት ወደ ኮምፒውተር ባልተሻገረ ነበር። የነበራቸው መሣሪያ ግን ለእንግሊዝኛ የተሠራ ነው። አንድ ፎንት ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ቦታ ነው፤ ከዚያም ላይ ብዙው ለማሽኑ ለራሱ ትእዛዝ የተያዘ ነው። ስለዚህ የላቲኑ ፊደል በነበረበት ቦታ የግዕዝ ቅርጽ ተሣለ። ቦታ ሲያንስ እንደ ጽሕፈት መኪናው ግንድና ቅጥያ ተለያይተው ተቀመጡ። ኮምፒውተሩ “አማርኛ ተጻፈ” የሚል ነገር አልገባውም፤ መልኳን የቀየረች ኤክስ እንጂ። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪ፣ ብራና… እያንዳንዱ የየራሱ ካርታ ነበረው።

ይህን ለማስታወስ ሽማግሌ መሆን አያስፈልግም። ፒያሳ ጽሕፈት ቤት ያስተየቡትን መመረቂያ ጽሑፍ በፍሎፒ ዲስክ ይዘው አራት ኪሎ ሌላ ጽሕፈት ቤት ሲያስከፍቱት ገጹ በላቲንና በዶላር ምልክት ተሞልቶ ይመጣል። “ፎንቱ የለንም” ትላለች ጸሐፊዋ። ያ ሰው ለአምስት ደቂቃ ያየው ገጽ ዓይነ ስውሩ ለ20 ዓመት የኖረበት ነው፤ ልዩነቱ፣ ለሚያየው ሰው ፎንቱ ሲጫን ችግሩ ይፈታል፤ ለስክሪን ሪደሩ ፎንት ቢጫንም ባይጫንም ለውጥ የለውም። እርሱ ካርታውን አያውቅም፤ ኤክስን ኤክስ ብሎ ነው የሚያነብ።

በዚሁ ዘመን ውጭ አገር ሌላ ትግል ነበር። ቴድ ሄንተር የሚባል የቀድሞ የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ እ.ኤ.አ. በ1978 በመኪና አደጋ ዓይኑን ካጣ በኋላ ኩባንያ መሥርቶ በ1989 ጃውስ የተባለውን ስክሪን ሪደር አወጣ። ያኔ የኮምፒውተር ስክሪን ፊደል ብቻ ስለነበር ማንበቡ ቀላል ነበር። ዊንዶውስ ሲመጣ ስክሪኑ ሥዕል ሆነ፤ ስክሪን ሪደሮች ፊደሉ ከመሣሉ በፊት በመንገድ ላይ ቆመው መቀላወጥ ነበረባቸው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1997 ፕሮግራሞች “እኔ ቁልፍ ነኝ፣ እኔ ዝርዝር ነኝ” ብለው ለስክሪን ሪደር የሚናገሩበትን ሥርዓት አወጣ። የስክሪን ሪደር ተጠቃሚውም ለዓመታት ከአንድ ብሮውዘር፣ ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር፣ ጋር ታስሮ ቀረ። ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው 1.5 እትሙ አዳዲስ ተንቀሳቃሽ ገጾችን ለስክሪን ሪደር ማስረዳት ጀመረ። ክሮም በ2008 ብቅ ሲል በፍጥነቱ ተወደሰ፤ ለዓይነ ስውራን ግን መጀመሪያ ላይ የሚበጅ አልነበረም።

ኢንተርኔት ለኢትዮጵያ ሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1997 መጀመሪያ ነው። የአማርኛ ድረ ገጾች በዚያ ዘመን ሁለት መላ ነበራቸው። አንዳንዶቹ ጽሑፉን በሥዕል መልክ ይለጥፉታል። ሌሎቹ ፎንቱን ከገጹ ጋር አብረው ይልኩታል፤ ይህም በአንዱ ብሮውዘር ሠርቶ በሌላው አይሠራም፤ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ላይ አማርኛ የነበረው ገጽ ኔትስኬፕ ላይ ዝብርቅርቅ ይሆናል። የሚያየው አንባቢ በብሮውዘር ምርጫ ሲቸገር፣ የማያየው ከሁለቱም ጎድሎ ነበር። ጃውስ ራሱ ዋጋው ወደ 1,000 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ፈቃድ ያልተገዛለት ጃውስ 40 ደቂቃ ብቻ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ መነሳት አለበት። በ40 ደቂቃ እየተቆራረጠ፣ ያውም በእንግሊዝኛ ብቻ ኢንተርኔት የቃኘ ሰው ትዕግሥቱ ሊመሰገን ይገባል።

መፍትሔው በወረቀት ላይ የተገኘው ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ 345 ቁምፊዎችን መዘገበ። ከዚህ በስተጀርባ የዜሮክሱ ጆ ቤከርን ከመሳሰሉ ሰዎች ጋር ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ የለፉበት ሥራ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ “ለ” በዓለም ላይ ባለ ማንኛውም ኮምፒውተር “ለ” የምትባልበት የራሷ ቁጥር አላት፤ ከላቲን የተበደረችው መቀመጫ ቀረ። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ፤ አገሩ ሚሌኒየሙን ሊያከብር ሲዘጋጅ በነበረበት ዓመት ማለት ነው።

ታዲያ በ2002 ዓ.ም የነበረው ነጋሪት ጋዜጣ ለምን በአሮጌው ፎንት ሆነ? ምክንያቱ የጽሕፈት ቤቶቹና የማተሚያ ቤቶቹ የሥራ ልማድ ነው። ጋዜጣና መጽሐፍ የሚዘጋጅበት ፔጅሜከር የተባለው ፕሮግራም ዩኒኮድን አያውቅም ነበር። ታይፒስቷ ጣቷ የለመደው የድሮውን የቁልፍ አቀማመጥ ነው። ደንበኛው ያመጣው የቀድሞ ፋይል በድሮው ፎንት ነው። ወረቀት ላይ ሲወጣ ደግሞ ልዩነት የለውም፤ እንዲያውም የድሮዎቹ ፎንቶች መልካቸው ያምር ነበር። ሥራው ወረቀት እስከሆነ ድረስ ለመለወጥ ምን ያስገድዳቸዋል? የዩኒኮድ አማርኛን አገር ያለመደው ቢሮዎቹ ሳይሆኑ ስልኮቹ ናቸው። የእጅ ስልኮች የግዕዝ ፊደል ይዘው መምጣት ሲጀምሩ፣ ፌስቡክ ላይ ሳጥን ሳጥን ይታይ የነበረው ነገር ፊደል ሲሆን፣ ሰው ሁሉ ሳያውቀው በዩኒኮድ መጻፍ ጀመረ። ዓይነ ስውሩን አስቦ ያደረገው ግን የለም።

ኮዱ ተገኘ። የቀረው ድምፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ታምሩ በላይ በአዲስ አበባ የመሠረቱት የዓይነ ስውራን አዳፕቲቭ ቴክኖሎጂ ማዕከል በዩኔስኮ ድጋፍ ኮምፒውተር ለዓይነ ስውራን ማስተማርንና አማርኛን ማናገርን ዓላማው አድርጎ ተነስቶ ነበር። በአውስትራሊያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ማይክል ከራን የተባለ ዓይነ ስውር ወጣት ኤንቪዲኤ የሚባል ስክሪን ሪደር መሥራት ጀመረ፤ በነፃ የሚሰጥ፣ ኮዱም ለሁሉ ክፍት የሆነ። የጃውስ 1,000 ዶላር ለማይቀመስበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ኤንቪዲኤ የሚናገርበት ኢስፒክ የተባለው የድምፅ ፕሮግራም በያዛቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛ አለ። ድምፁ የሮቦት ነው፤ ይሻክራል፤ አማርኛውም እንደ ባዕድ አማርኛ ነው። ቢሆንም ያለ አንባቢ፣ በራስ ሰዓት፣ በግል ክፍል ማንበብ ማለት ነው። የሰው የሚመስል ድምፅ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ማይክሮሶፍት መቅደስና አምሃ የሚባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆችን ሲያወጣ ነው። እነዚህ ግን የሚኖሩት በኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለሆነ ኢንተርኔት ይፈልጋሉ፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ እነርሱም ዝም ይላሉ።

አማርኛን ማናገር ለምን እንዲህ እንደሚያስቸግር ለገባው ሰው በሮቦቱ ላይ መሳቅ ይከብደዋል። ፊደላችን ሁሉን ይጽፋል ተብሎ ይወራል፤ መጥበቅና መላላትን ግን አይጽፍም። “ገና” ጠብቆ ሲነበብ በዓል ነው፣ ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። “አለ” ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ አልጠፋም። “ዋና” በውሃ ውስጥም ነው፣ በመሥሪያ ቤትም ነው። ሰው ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳዋል፤ ማሽኑ መገመት አለበት። ሳድሱም እንዲሁ ነው፤ አንዴ አናባቢ ይዞ ይነበባል፣ አንዴ ያለ አናባቢ ይዋጣል፤ ጽሑፉ ላይ ምንም ምልክት የለም።

የተገላቢጦሹም አለ፦ በድምፅ አንድ ሆነው በጽሑፍ የሚለያዩት። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ። የሚያይ ሰው “ፀሐይ” እና “ጸሀይ” መለያየታቸውን ባንዴ ያያል። በጆሮ የሚያነብ ተማሪ ሁለቱን አንድ አድርጎ ይሰማቸውና፣ ስሙን በባንክ ቅጽ ላይ በአንዱ፣ በመታወቂያው ላይ በሌላው ይጽፋል፤ ሲፈለግ አይገኝም። የሚገርመው ግን የዚህ ችግር መድኃኒት ጥንት ተዘጋጅቶ ነበር። የአብነት ተማሪ ፊደሎቹን በስም ይጠራቸዋል፦ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኀኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። እንግሊዝኛ የሚያነቡ ስክሪን ሪደሮች አንዲትን ፊደል ደግመው ሲጠየቁ “ቢ” ከማለት ይልቅ “ብራቮ” ይላሉ፤ ፊደሏ ከምትመስላት እንድትለይ። የኔታ ያለ ኮምፒውተር ያስተማሩት ይህንኑ ነው።

ዛሬ ላይ የቀሩት እንቅፋቶች ከፎንት ዘመን ጋር ሲነጻጸሩ ጥቃቅን ናቸው፤ ስለዚህም ነው የሚያናድዱት። አንዱን እንውሰድ። እያንዳንዱ ድረ ገጽ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ የምትናገር አንዲት አጭር ምልክት በኮዱ አናት ላይ አለች። ለአማርኛ ሁለት የላቲን ፊደል ናት፤ ኤ እና ኤም። ስክሪን ሪደሩ የአማርኛውን ድምፅ የሚያወጣው እርሷን አይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ይህችን በዝቅተኛው የግዴታ እርከን ውስጥ አስቀምጧታል። የአማርኛ ድረ ገጽ ከተዘጋጀ የውጭ አብነት ሲገለበጥ ግን ምልክቷ “እንግሊዝኛ” እንዳለች ትቀራለች። ያኔ ስክሪን ሪደሩ የግዕዙን ጽሑፍ ለእንግሊዝኛው ድምፅ ይሰጠዋል፤ እንግሊዝኛው ድምፅ ደግሞ ወይ ዘልሎት ያልፋል፣ ወይ የፊደሉን የኮድ ቁጥር ይጠራል። ለማስተካከል ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ገመና አይደለም፤ ዌብኤም የተባለው የአሜሪካ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ ሚሊዮን የድረ ገጽ መግቢያ ገጾችን ሲፈትሽ 95.9 በመቶ በሚሆኑት ላይ የተደራሽነት ስሕተት አግኝቷል፤ ቋንቋን አለመናገር ከተለመዱት ስድስት ስሕተቶች አንዱ ነው።

ሌላው አራት ነጥብ ነው። ከድሮዎቹ ፎንቶች የወረስነው ልማድ አለ፤ አራት ነጥብ በመጻፍ ፋንታ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መምታት። በዓይን “፡፡” እና “።” መንትያ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን የመጀመሪያው ሁለት የቃል መለያ ነው፤ ዐረፍተ ነገር አላለቀም። ስለዚህ ድምፁ ሳይተነፍስ ሊቀጥል ይችላል፤ አንድ ገጽ ሙሉ አንድ ዐረፍተ ነገር ሆኖ ይፈስሳል። “ዶ/ር”፣ “ት/ቤት”፣ “መ/ቤት” ሲመጣ ደግሞ ሰያፉ ሰረዝ እንደ ባዕድ ምልክት ይጠራል ወይም ቃሉ ለሁለት ይሰበራል።

ከሁሉ የከፋው ግን ፎቶግራፉ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መግለጫ በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚወጣው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በፎቶ ተነስቶ ነው። የቅጥር ማስታወቂያ፣ የፈተና ጥሪ፣ የምዝገባ ቀን፣ የመንገድ መዘጋት፣ ሁሉም ፎቶ። ደብዳቤው ከመታተሙ በፊት በጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ ንጹሕ የዩኒኮድ ጽሑፍ ነበር፤ ይታተማል፤ ይፈረማል፤ ማኅተም ይመታበታል፤ ከዚያ በስልክ ይነሳና ጽሑፍ መሆኑ ይቀራል። ለታማኝነት ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ሐሰተኛ ደብዳቤ የበዛበት አገር ነው። ከፎቶው ሥር ያንኑ ጽሑፍ መለጠፍ ግን ማኅተሙን አይፍቀውም። ከፎቶ ላይ አማርኛ የሚለቅሙ ፕሮግራሞች አሉ፤ ቴሰራክት የተባለው ነፃ ፕሮግራም አማርኛን ያውቃል። ነገር ግን ማኅተሙ ያረፈው ብዙውን ጊዜ ስምና ቀን ላይ ነው፤ ፕሮግራሙ የሚስተውም እዚያው ላይ ነው።

በ2012 ዓ.ም ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1181/2012 የማራካሽን ስምምነት ተቀበለች። ይህ ስምምነት የታተመን መጽሐፍ የደራሲውን ፈቃድ ሳይጠይቁ ዓይነ ስውራን በሚያነቡት መልክ ማዘጋጀትን ይፈቅዳል። የሕጉ በር ተከፈተ ማለት ነው። ከበሩ ኋላ ያለው ግን ያው የፎንት ጉዳይ ነው። ከ1980ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ ወዲህ የታተሙት የአማርኛ መጻሕፍት፣ ጋዜጦችና አዋጆች ብዙዎቹ በኮምፒውተር ነው የተተየቡት፤ ፋይላቸው የተቀመጠው ግን በእነዚያ የድሮ ካርታዎች ነው። ከካርታ ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ መሣሪያዎች አሉ፤ ፋይሉ ከተገኘና በየትኛው ፎንት እንደተተየበ ከታወቀ አንድ መጽሐፍ ለመለወጥ የሚፈጀው የደቂቃዎች ጊዜ ነው። ፋይሉ ከሌለ ደግሞ ወረቀቱን ስካን አድርጎ፣ ለቅሞ፣ ገጽ በገጽ ማረም ነው፤ ይህ የወራት ሥራ ነው።

እነዚያን ፋይሎች የተየቡት ትናንሽ ጽሕፈት ቤቶች የቆሙበት ፒያሳ በ2016 ዓ.ም በብዛት ፈርሷል። ማተሚያ ቤቶቹና አሳታሚዎቹ ግን አሉ። ፋይሉ የሚገኘው እነርሱ ዘንድ ነው፤ በየትኛው ፎንት እንደተተየበ የሚያስታውሱ ባለሙያዎችም ገና ጡረታ አልወጡም። ስድስት ኪሎ ያለው የሕግ ተማሪ እጅ ላይ የሚደርሰው ግን እስካሁን ፎቶግራፉ ነው።